በብብት ያለው ኬላ

ሀረገወይን ሰም ነጋዴ ነበረች። ከሁሩሙና ከሶር ጫካ ዳር የሚመጡ ማር ቆራጮች በመቱ ገበያ ቀን ሰማቸውን ይዘው ደጇ ይቀመጣሉ፤ እሷም እያንዳንዱን ቁራጭ በመዳፏ ይዛ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ትጫነዋለች። ሰሙ ሳይረጋ ድንጋይ የሚጨምርበት ሻጭ አይጠፋም። ድንጋዩ በዓይን አይታይም፤ ሚዛንም አያጋልጠውም። በእጅ ሙቀት ሰሙ ሲላላ ድንጋዩ ግን አይላላም፤ ጣቷ ፈልጎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ሻጩ በኦሮምኛ «ንቦቹ ይሆናሉ የጨመሩት!» ይላል፤ ሁሉም ይሥቃል።

በ1921 ዓ.ም. ሰኔ፣ ዝናቡ በጠነከረበት ሰሞን፣ ገላዋን ስትታጠብ እንዲያ ያለ ነገር በግራ ጡቷ ውስጥ አገኘች።

ከጡቷ ጫፍ በላይ ነበር፣ ወደ ብብቷ ባዘነበለው በኩል። መጠኑ ባቄላ ያህላል። ስትጫነው አላመማትም። ቆዳው አልቀላም፤ አልሞቀም። ቀኝ ጡቷን በዚያው ቦታ ላይ ዳሰሰች፤ የለም። ወደ ግራው ተመለሰች፤ አለ። ምናልባት የጎድን አጥንቷ ይሆናል ብላ ጡቷን በሌላው እጇ አንሥታ ከአጥንቱ አራቀችው፤ ፍሬው ከጡቷ ጋር አብሮ ተነሣ። ውኃው ቀዝቅዞ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ልጅ ሳለች፣ ሁሩሙ፣ እታፈራሁ የምትባል ጎረቤት ነበረቻቸው። እታፈራሁንም የጀመራት በጡቷ ነበር። መጀመሪያ ደበቀችው፤ ኋላ ሽታው አልደበቅ አለ። ክንዷ አብጦ የቀሚሷን እጅጌ ቀደዱላት። ቀጥሎ «ወገቤን! ወገቤን!» እያለች ስትጮህ መንደሩ በሙሉ ሰማ። በመጨረሻ መተኛት አቅቷት፣ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን እየለመነች ሞተች። ሰዎች ነቀርሳ ነው አሉ። ሀረገወይን ያኔ ያልገባት አንድ ነገር ነበር፤ አድጋም አልገባትም። ቁስሉ ጡት ላይ ሆኖ ሳለ ወገብን ምን አመመው? ትንፋሽንስ ማን አሳጠረው? ከጡቷ እስከ ወገቧ ድረስ በእታፈራሁ ቆዳ ላይ አንድም ምልክት አልነበረም። ሬሳዋን ያጠቡት ሴቶች ሲያወሩ ሰምታለች። እናቷን ብትጠይቅ «ዝም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» ተባለች።

ሐምሌ እስኪገባ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ከዚያ ለመንበረ ነገረቻት። መንበረ የባሏ የአምባዬ ታናሽ እኅት ናት፤ አብራቸው ትኖራለች፤ አፏ አያርፍም።

«ያማል?» አለች መንበረ።

«አያምም።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሻል፣ እትዬ ሀረግ? የሚያስፈራው እኮ የሚያመው ነው! እኔ ባለፈው ዓመት ጀርባዬ ላይ የወጣብኝን አታስታውሺም? አጥር ላይ ወጥቼ የጮኽሁትን?»

«አስታውሳለሁ። በርበሬ የተሰጣበትን ሰፌድ ረግጠሽ።»

«እሱስ ይቅር። ጋሽ ደርበው ናቸው ያዳኑኝ። ነይ እንሂድ።»

ደርበው በመቱ የታወቀ ወጌሻ ነበር። ስብራት ያቃናል፣ ወለምታ ያሻል፣ እባጭ ይበጣል። በብዙ ነገር የተዋጣለት ሰው ነው፤ ያቃናው እግር አያነክስም። የሀረገወይንን ጡት በቀሚሷ ላይ ሆኖ በሁለት ጣቱ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሬ እባጭ ነው፣ ልጄ። ገና አልበሰለም። ያልበሰለ እባጭ ብትነኪው ይቆጣል፤ ሲበስል ራሱ ይጠራሻል። ተልባ ፈጭተሽ በለጋ ቅቤ ለውሺና ሞቅ አድርገሽ ለጥፊበት። መግል ሲይዝ ነይ፣ እበጣዋለሁ።»

ይህን ትምህርት በመቱ የማያውቀው ሰው የለም። እብጠት ይወጣል፣ ይበስላል፣ ይፈነዳል፣ ይደርቃል። ክረምቱን ሙሉ ሀረገወይን ተልባ ለጠፈች። እብጠቱ ግን አልበሰለም። አልቀላም፤ አልለሰለሰም፤ ማደጉን ብቻ አላቆመም። በነሐሴ የሾላ ፍሬ አከለ። በመስከረም ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ በእብጠቱ ላይ ያለው ቆዳ ጎድጎድ ይላል፤ ከውስጥ ሆኖ በክር የሚጎትተው ያለ ይመስላል። ይህን ለመንበረ አላሳየቻትም። መንበረ ብትሥቅ ፈራች፤ ባትሥቅ ደግሞ የባሰ ፈራች።

በጥቅምት ደርበው ትዕግሥቱ አለቀ።

«እንቢ ያለ እባጭ ነው» አለ። «እንቢ ያለውን ሥሩን በእሳት ማድረቅ ነው።»

ብረቱን ፍም ውስጥ ከተተ። መንበረ እጇን ያዘችላት፣ የራሷን ፊት ግን አዞረች። የሥጋዋን ሽታ ሀረገወይን ከሕመሙ በፊት ሰማችው።

ቃጠሎው መገለ። ትኩሳት ያዛት፤ ብብቷ ሥርም የሚያም እብጠት ተደረደረ። ደርበው መጥቶ አየና አልደነገጠም። «ንፍፊት ነው። እግር ሲቆስል ብሽሽት ያብጥ የለም? ጡት ሲቆስል ደግሞ ብብት ነው» አለ፤ ባለው ነገርም አልተሳሳተም። የጡቱ ድንጋይ ግን ከጠባሳው ሥር እንደነበረ አለ።

በኅዳር አምባዬ በቅሎ አስጭኖ ወደ ጎሬ ወሰዳት።

አምባዬ በመቱ ኬላ የቀረጥ ጸሐፊ ነው። ቡናና ሰም ጭኖ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆማል፤ ጭነቱን ያስፈታል፤ ያስመዘግባል። ከመንዝ ከመጣ ረጅም ዘመን ቢሆነውም ኦሮምኛው ከሰላምታና ከጭነት ስም አያልፍም። ሚስቱ ግን ሁሩሙ ተወልዳ ከሁለቱም ቋንቋ ጋር ነው ያደገችው።

ጎሬ ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ ሸዋንግዛው የሚባል ወጣት ያስተረጉምለታል። ሸዋንግዛው አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ጫማውን በየጊዜው በመሀረብ የሚወለውል፣ ደግና ትሑት ልጅ ነው። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ በእሳት አሞቀውና ሀረገወይንን አስቀመጣት። ቀኙን ጡት አስቀድሞ ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ግራውን። ክንዷን አንሥቶ ብብቷ ውስጥ ጣቶቹን አስገባ፤ እዚያ ብዙ ቆየ። ከዚያ ከአንገቷ በታች፣ ከአጥንቱ በላይ ያለውን ጉድጓድ ፈተሸ። ፊቱን ትመለከት ነበር። ጡቷን ሲነካ ፊቱ አልተለወጠም። ጠባሳውንና መግሉን ሲያይ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ብብቷን ሲነካ ደግሞ የሚያወላውል ሰው መሰለ።

ቁጭ ብሎ መናገር ጀመረ። ጡቷን አመለከተ፣ ብብቷን አመለከተ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ መልሶ ጨበጠ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእጁ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ ቢላዋ አሳየ። ንግግሩ ረዘመ። ሸዋንግዛው እየሰማ አንገቱን ቀስ በቀስ ደፋ። ሐኪሙ ሲጨርስ ሸዋንግዛው ወደ እሷ ዞረና ፈገግ አለ።

«ሐኪሙ አይዞሽ ይላሉ፣ እመቤቴ። የተቃጠለው ሲድን ይመለሱ ይላሉ። እስከዚያ አይነካኩት፤ አይታሽም፣ አይተኮስም ይላሉ።»

«ያን ሁሉ ተናግረው ይህ ብቻ ነው?»

«የፈረንጅ ቋንቋ ረጅም ነው፣ እመቤቴ።»

ከዚያ አምባዬን «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ ውጭ ጠራው። በቅሎዋ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ ሐኪሙ ወጥቶ ዘበኛውን ሲያነጋግር ሰማች። የበቅሎዋ ጀርባ በኮርቻው ተልጦ ነበር፤ እንዲያጥብላት ነበር የሚነግረው። የተናገረው በኦሮምኛ ነው፣ በወለጋ አነጋገር፣ እንደ አገሬው ሰው። ሀረገወይን አፏን ከፈተች። አምባዬ ግን መጥቶ እርካቡን ያዘላትና ሳትናገር ቀረች።

መቱ ከተመለሱ በኋላ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ።

ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የገባባት። መንበረ መጨቃጨቅ ተወች። ጾም ቢሆንም «እትዬ ሀረግ፣ ምን ልሥራልሽ?» እያለች ትከተላታለች፤ ጓዳ ገብታ ስትወጣ ዓይኗ ይቀላል። አምባዬ ሳይለመን አዲስ ቀሚስ ገዛላት፤ ቀሚሱን ሲሰጣት ፊቷን አላየም። የንስሐ አባቷ ባልለመዱት ቀን መጥተው ስለ ትዕግሥት ተናገሩ። ይህን ሁሉ እያየች፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት እየፈለገች፣ ራሷን ታጽናና ነበር። ድካም ነው፤ በዓሉ ስለቀረበ ነው።

ከዚያ አስካለማርያም መጣች።

አስካለማርያም ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት ናት። አጥሩን ወደ ሀረገወይን ጓሮ ገፍታ ከተከለች ወዲህ አይነጋገሩም፤ ዳኛ ፊትም ቆመዋል። ያን ዕለት ግን ነጠላዋን አደግድጋ በበሩ ገባች።

«ሀረጌ፣ እንግዲህ ዓለም ምን ያደርግልናል» አለች። «አጥሩን አስነቅዬ ወደ ቦታው መልሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«መለስሽው?»

«መለስሁት። እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እኅቴ።»

አስካለማርያም ለዳኛ አልመለሰችም፤ ለሽማግሌ አልመለሰችም፤ በታቦት ስም ስትለመን አልመለሰችም። አሁን ለማን ነው የመለሰችው? ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ቀጥታ ወደ ኬላው ሄደች።

አምባዬ ግራር ጥላ ሥር ቆሞ የቡና ጆንያ ያስወርድ ነበር። ሲያያት ክርታሱን ከእጁ አስቀመጠ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለችው።

«ነግሮሽ የለም እንዴ፣ አይዞሽ ብሎ...»

«አስካለማርያም አጥሯን ነቀለች።»

ነጋዴዎቹ ወደ እነሱ መመልከት ጀመሩ።

«አንተ፣ ምን አለ?» ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችው ሴት ናት። አምባዬም ይህን ሲሰማ ክንዷን ይዞ ከሰዎቹ ራቅ አደረጋት።

«ነቀርሳ ነው አለ። ከጡትሽ ካልወጣ ይገድላል አለ። በቢላዋ ይወጣል አለ። ነገር ግን የብብትሽ እብጠት ከቃጠሎው ይሁን ከበሽታው አላወቀም። ደርበው ባይተኩስሽ ኖሮ ያን ዕለት ይለይ ነበር። ከቃጠሎው ከሆነ ቁስሉ ሲድን አብሮ ይጠፋል። ካልጠፋ...»

«ካልጠፋ?»

«በሽታው ወደ ብብት ተሻግሯል ማለት ነው። ከዚያም ካለፈ መቁረጡ ላይጠቅም ይችላል አለ።»

«መቼ ተመለሱ አለ?»

«ቁስሉ ሲድን።»

«ዛሬ ነገ አትበሉ አላለም?»

አምባዬ መሬት መሬት አየ። «አንድም ቀን አትጨምሩ ብሏል። ሸዋንግዛው ነው ለእሷ አይነገርም ያለኝ፤ እኔም ልክ ነህ አልሁት። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ? ገና ይለፍና ጠበል አስጠምቄሽ፣ ከዚያ እንሄዳለን ብዬ ነበር።»

«ቁስሉ እኮ ከዳነ ሰነበተ።»

አምባዬ ቀና አለ። አላወቀም ነበር፤ ሴት ልጅ ጡቷን ለባሏ በቀን ብርሃን አታሳይም፣ እሱም አልጠየቃትም። የደነገጠ ፊቱን ስታይ ቁጣዋ ጠፋ፤ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ተነሡ። መንገዱን ሁሉ እጇ ወደ ብብቷ ሊሄድ ይታገላት ነበር። አይነካ የተባለውን ነገር ያለ ማቋረጥ ስትነካ ነበር የከረመችው፤ ከሸዋንግዛው አፍ ሳይሸራረፍ የደረሳት ትእዛዝ እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ። የሚያሙት እብጠቶች ለስልሰው፣ አንሰው፣ ጠፍተዋል። አንዱ ግን አልጠፋም። ምስር ያህላል። አያምም። ጠንካራ ነው። በበቅሎ ላይ ሆና ይህን ለአምባዬ ልትነግረው ፈለገች፤ ነገር ግን ከተናገረችው እውነት የሚሆን መሰላትና ጥርሷን ነከሰች። ከሐኪሙ ብደብቀውስ? ካልነገርሁት ባያገኘውስ? ካላገኘው ይቆርጥልኛል። ካገኘው ግን «ሂጂ» ይለኛል። እስከ ጎሬ ድረስ ይህን ነገር በሆዷ ስታገላብጥ ሄደች።

ሐኪሙ ሊፈትሻት ሲቀርብ ቀሚሷን ደረቷ ላይ ጨበጠች። ሐኪሙ ወደ ሸዋንግዛው ሳይዞር ዝቅ ባለ ድምፅ «ሂን ሶዳቲን» አላት። አትፍሪ ማለቱ ነበር።

ሀረገወይን በዚያው ቋንቋ መለሰችለት። «እፈራለሁ። የምፈራው ስለማይነግሩኝ ነው። እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ እጁን አቆመ። ሸዋንግዛውን አየው፤ ከዚያ እሷን። «ባለፈው የተናገርሁት አልደረሰሽም?»

«አይዞሽ ብለዋል ተባልሁ።»

ሸዋንግዛው ከኦሮምኛው አንዲት ቃል ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ፊቱ ቀላ። ሐኪሙ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ቆዳ ሲቆረጥ አዲስ ሥጋ አብቅሎ ይዘጋል» አለ። «ሲዘጋ ማቆም ያውቃል። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም፣ ከሥጋ አንዲት ቅንጣት ማቆም ትተዋለች። ትበዛለች። ከእሷ የሚወጡትም ማቆም አያውቁም። ነቀርሳ ይህ ነው።»

«ቡዳ ነው ብለውኛል። ምች ነው ያሉኝም አሉ። ከውጭ የገባ ነገር የለም?»

«የለም። የራስሽ ሥጋ ነው።»

ከሰማችው ሁሉ ይህ ባሰባት። ከውጭ የመጣ ጠላት ከሆነ ያባርሩታል፤ ይህን ግን ስትበላ አብራ ታበላዋለች፣ ስትተኛ አብራ ታስተኛዋለች።

«ከዚያስ?»

«ባለበት አይቀመጥም። በአጠገቡ ያለውን ሥጋ እየሰረሰረ ይገባል። ቆዳሽን ወደ ውስጥ የሳበው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በሥጋ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ መንገዶች አሉ፤ ደም ሳይሆን የጠራ ውኃ የሚሄድባቸው። የጡት መንገዶች አብዛኞቹ የሚያልፉት በብብት ነው። እዚያ...» ቃል ፈለገ፤ አገኘው። «እዚያ ኬላ አለ። ብዙ ትንንሽ ኬላዎች። የሚያልፈውን ይይዛሉ። ቁስል ሲኖር መግሉን ይይዛሉ፤ ለዚህ ያብጣሉ። ነቀርሳም ሲመጣ ይይዙታል።»

«ይዘው ያቆሙታል?»

«ለጥቂት ጊዜ። እሱ ግን አይሞትም። ኬላው ውስጥ ሆኖ ይበዛል፤ ኬላው ራሱ ነቀርሳ ይሆናል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በደምም የሚሄድ አለ፤ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት።»

«ወደ ወገብ?»

ሐኪሙ ትኩር ብሎ አያት። «አዎ፣ ወደ ወገብ አጥንት። ይህን ከየት አወቅሽ?»

«ሲሆን አይቻለሁ» አለች። እታፈራሁ በዓይኗ መጣችባት፤ ግድግዳው፣ አፏን ከፍታ አየር ስትፈልግ። ከልጅነቷ ጀምሮ የጠየቀችው ነገር ይኸው ተመለሰላት፤ ባይመለስላት ይሻል ነበር። ምልክቱ በቆዳ ላይ ያልታየው በሽታው ከቆዳው ሥር ስለ ሄደ ነው። አሁንስ? በእሷ ውስጥስ እየሄደ ይሆን፣ በዚህ ደቂቃ፣ እሷ ተቀምጣ ስታወራ?

ሐኪሙ ክንዷን አነሣ። ልትደብቀው ያሰበችው ነገር ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ጣቱ ወደ ምስሯ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ጎን ገፋው። እሷ ትንፋሿን ያዘች።

«አንድ ቀርቷል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ይንቀሳቀሳል። ከአጥንት ጋር ቢጣበቅ ኖሮ አልነካውም ነበር። ሲንቀሳቀስ ግን ጡቱንና ብብቱን አብሬ ማውጣት እችላለሁ። ነቀርሳ ይሁን የቃጠሎው ጠባሳ ከውጭ ሆኜ አላውቅም። ከዚያ ያለፈ መኖሩንም አላውቅም። መድኃኒት አስተኝቼሽ ነው የምቆርጠው፤ ከእንቅልፉ የማይነቁ ጥቂቶች አሉ። ቃል የምገባልሽ ነገር የለም።»

አምባዬ ከበሩ ሆኖ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ይል ነበር። እሷ ሁሉንም ነገረችው። አምባዬ ሲሰማ ፊቱ አመድ ለበሰ።

«እንመለስ» አለ። «ሀረጌ፣ እንመለስ። ቃል የማይገባ ሐኪም ምን ሐኪም ነው? ለጠበሉ ቢያንስ ተስፋ አለ።»

«ጠበሉንም እጠመቃለሁ። ኋላ።»

«ባትነቂስ?»

«አስቀድመህ ቄስ ጥራልኝ። ከዚያ በኋላ ባልነቃ አልነቃሁ።»

እንዲህ ስትል ደፋር መስላ ነበር፤ አልጋውን ግን ጨብጣ ነው የቆመችው። ቄሱ መጡ፤ ተናዘዘች። በነጋታው ጠዋት በጠረጴዛው ላይ ስትጋደም ጣራውን አየች፤ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ ብርሃን ይገባባታል። በመድኃኒት የነከሩትን ጨርቅ አፍንጫዋ ላይ ሲያደርጉባት እንደሚታፈን ሰው ተወራጨች። እታፈራሁ እንዲህ ነበረች ብላ አሰበች። ሌላ ነገር ልታስብ ስትል ጠፋች።

ስትነቃ የግራ ጎኗ በሙሉ በጨርቅ ተጠምጥሞ፣ ክንዷ ከደረቷ ጋር ታስሮ ነበር። አስታወካት። አምባዬ ሳፋውን ይዞላት አለቀሰ፤ እያለቀሰም «ነቃሽ፣ ነቃሽ» ይላል። በሕይወት መኖሯ ለጥቂት ጊዜ በቂ ሆነላት።

ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀን መጣ። ሸዋንግዛው ከኋላው ቆመ፤ ዛሬ አፉን እንደማይከፍት አውቆ እጁን አጣምሯል። አምባዬ ከአልጋው ጫፍ ተነሣ። ሐኪሙ ጨርቁን አይቶ፣ የልብ ምቷን ቆጥሮ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ነገራት። ያወጣቸውን ኬላዎች አንድ በአንድ ሰንጥቆ አይቷቸዋል። ሌሎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ጤነኛ ይመስላሉ። ያ ምስር የሚያህለው ግን ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭና ጠጣር ነበር፤ ልክ እንደ ጡቱ። በዓይኑ ያየውንና በእጁ የደረሰበትን ሁሉ አውጥቷል። ያላየው ካለ፣ አለ። ሲያድግ ብቻ ነው የሚታወቀው።

«በስንት ጊዜ?» አለችው።

«ሊቆይ ይችላል። ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከናካቴው ላይመጣም ይችላል።»

ሐኪሙ ሲጨርስ አምባዬ ጎንበስ አለ። «ምን አለ?»

ፊቱን አየችው። ጢሙን ሳይላጭ ሰንብቷል፤ ዓይኑ አብጧል። የሚፈልገው ቃል አንድ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው። ድነሻል አለኝ ብትለው፣ እዚያው ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ይተኛል። ሸዋንግዛው ያን ቀን ለምን ፈገግ እንዳለ አሁን ገባት፤ ክፋት አልነበረም። በክፋት ሳይሆን ግን ዕድሜዋን ሊበሉባት ነበር።

«አንደኛው ኬላ ውስጥ ገብቶ ነበር አለ» አለችው። «አውጥቼዋለሁ አለ። ያለፈ ይኑር አይኑር አላውቅም አለ።»

«ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል አለ። ላይመለስም ይችላል አለ።»

«የትኛው ይሆናል አለ?»

«አላውቅም ነው ያለው፣ አምባዬ።»

አምባዬ ወደ ሐኪሙ ዞረ፤ የተሻለ ትርጉም ይኖር እንደሆነ ፊቱን ፈተሸው። ሐኪሙ ቋንቋውን ባያውቅም ጥያቄውን አውቆ ራሱን ነቀነቀ። አምባዬ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ሰዎች ስለ በቅሎ ይጨቃጨቃሉ። ሀረገወይን ትንፋሽ ሳበች፤ ወደ ታች ሲወርድ የሚያስቆመው ነገር እንዳለ አዳመጠች፤ አወጣችው፤ እንደገና ሳበች። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ሳል፣ እያንዳንዱን የወገብ ሕመም እንዲሁ ልታዳምጥ ነው።

«ነገ ሰው ወደ መቱ እልካለሁ» አለ አምባዬ በመጨረሻ። «መንበረ እህል አልቀመሰች ይሆናል። ደኅና ናት፣ ሁሉም አልፏል ይበላት።»

«እንደዚያ አይደለም የሚላት። አሁን ያልሁህን ይንገራት። አንዲት ቃል እንዳትጎድል።»

«ታለቅሳለች እኮ።»

«ታልቅስ» አለች ሀረገወይን።